ገመዱን ገደሉ ይለካው

ብራድ ጎብራይት አለት በመውጣት ስማቸው ከሚጠራ የዘመናችን አሜሪካውያን አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ከጂም ሬይኖልድስ ጋር ሆኖ በካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ ሸለቆ የሚገኘውን፣ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የኤል ካፒታን ገደል «ዘ ኖዝ» በተባለው መስመር በ2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ወጥቶ የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰብሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2019፣ በሰሜን ሜክሲኮ ኤል ፖትሬሮ ቺኮ በተባለ ስፍራ ሕይወቱ ያለፈው ግን ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። እሱና ጓደኛው በአንድ ገመድ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው፣ አንዱ ለሌላው ሚዛን እየሆነ፣ እኩል እየወረዱ ነበር። ገመዱ 80 ሜትር ነው፤ ገበያ ላይ በብዛት ከሚገኙት ረጃጅሞቹ መካከል ይመደባል። ነገር ግን ግራና ቀኙ እኩል መሆኑ አልተረጋገጠም፣ ጫፎቹም አልተቋጠሩም። አጭሩ ወገን ለጎብራይት ደረሰ፤ ገመዱ አለቀና ወደቀ። ይህ አደጋ ገመድ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ያሳያል። «ስንት ሜትር ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ሱቅ ውስጥ ተጀምሮ ሱቅ ውስጥ አያልቅም። የገመድ ርዝመት በየጊዜው ከገደሉ ጋር የሚተያይ ልክ ነው፤ ሒሳቡ ሲሳሳት ሰውን የሚያተርፈው ደግሞ ጫፉ ላይ ያለው ቋጠሮ ነው።

ጉዳዩ የሌላ አገር ሰዎች ጨዋታ ብቻ ነው ብሎ የሚያልፈው አንባቢ ሊኖር ይችላል። ሆኖም ስፖርት ክላይምቢንግ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳልያ የሚያሸልም ውድድር ሆኗል፤ በፓሪስ 2024ም ቀጥሏል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ዴንቨርና ኦሮራ ከሮኪ ተራሮች ሥር የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖረውም ቢሆን የፖቶማክ ወንዝ ዳር የግሬት ፎልስ ገደሎች ቅርብ ናቸው። እዚያ የሚያድግ ልጅ በትምህርት ቤት ጓደኞቹ በኩል ከዚህ ስፖርት ጋር ቢገናኝና አንድ ቀን «ገመድ ግዙልኝ» ቢል የሚያስገርም አይሆንም። ወደ አገር ቤትም ብንመለስ የገርዓልታ የአሸዋ ድንጋይ ማማዎች የውጭ ተራራ ወጪዎችን ቀልብ ከሳቡ ቆይተዋል፤ አሜሪካዊቷ ማይካ በርሃርት በትግራይ አለቶች ላይ ያደረገችውን ጉዞ የሚተርክ መጽሐፍ በ2008 አሳትማለች። እንዲህ ባሉ ቦታዎች የእያንዳንዱ መስመር ከፍታ በመምሪያ መጽሐፍ ተጽፎ አይጠብቅም። ስለዚህ ልክን በራስ የማግኘት ጥያቄ እዚያ ይበልጥ ይከብዳል።

እንዲያውም በገመድ ገደል መውጣትን በተመለከተ ከእኛ የቆየ ልምድ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ እንደተመሠረተ የሚነገረው የደብረ ዳሞ ገዳም እስከ ዛሬ የሚደረሰው 15 ሜትር ገደማ በሚሆን ቀጥ ያለ ገደል ላይ በወረደ የጠፍር ገመድ ነው። ወደ ላይ የሚሄደው ሰው አንዱን ገመድ በእጁ ጨብጦ እግሩን አለቱ ላይ እየተከለ ይወጣል፤ ሌላው ገመድ ወገቡ ላይ ይታሰርና ከላይ ያሉት መነኮሳት እየሳቡ ይጠብቁታል። በዚህ ሥርዓት ስለ ርዝመት መጨነቅ አያስፈልግም። ገመዱ የተሠራው ለዚያ ገደል ነው፤ ያ ገደልም አይለወጥም። የወገቡን ገመድ የያዘው ሰው ደግሞ ከላይ ነው ያለው፤ ገመዱ ምን ያህል እንደተረፈ በእጁ ስለሚያውቅ ጫፉ ሳይታሰብ ሊያመልጠው አይችልም። የዛሬው ስፖርተኛ ሁኔታ የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ገመድ በጀርባው ተሸክሞ ዛሬ 20 ሜትር፣ ነገ 35 ሜትር ወደሚሆን ገደል ይሄዳል። በዳሞ ገመዱና ገደሉ አንድ ጊዜ ተስማምተው ጨርሰዋል፤ ስፖርተኛው ግን ስምምነቱን በየጉዞው እንደ አዲስ ማረጋገጥ አለበት። ችግሩ የሚጀምረውም በሱቅ የተነበበ ቁጥር ይህን ማረጋገጫ የተካ ሲመስለው ነው።

ሒሳቡን በአንድ ምሳሌ እንየው። 32 ሜትር ከፍታ ያለው መስመር አለ እንበል። የሚወጣው ሰው ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ከሥር ይነሳል፤ አለቱ ላይ በተተከሉት ብረቶች እያሳለፈ ጫፍ ላይ ካለው ቀለበት ይደርሳል። ከዚያ ገመዱን በቀለበቱ አሳልፎ ይንጠለጠላል፤ ከታች ያለው ገመድ ያዥ ደግሞ ቀስ እያለ እየለቀቀ ያወርደዋል። ሰውየው ጫፍ ላይ ሳለ የተዘረጋው ገመድ 32 ሜትር ብቻ ነበር። መሬት ሲረግጥ ግን ከያዡ እስከ ቀለበቱ 32፣ ከቀለበቱ እስከ ወረደው ሰው ሌላ 32፣ በድምሩ 64 ሜትር ሆኗል። ወገብ ላይ የሚታሰረው ቋጠሮ 1 ሜትር ገደማ ይበላል። ያዡ ከገደሉ ግርጌ ፈቀቅ ብሎ ስለሚቆምና በእጁም የሚተርፍ ስለሚያስፈልግ 2 ሜትር እንጨምር፤ 67 ሜትር ይመጣል። በ60 ሜትር ገመድ ይህን መስመር ወጥቶ መውረድ አይቻልም፤ ሊወጣው ግን ይችላል። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። አጭር ገመድ በመውጣት ጊዜ አያስታውቅም፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ሰውየው ሥራውን ጨርሶ፣ ደስ ብሎት፣ ክብደቱን ሁሉ ለገመዱ አስረክቦ ሲወርድ ነው።

እንግዲህ 70 ሜትር ገመድ ከተገዛ 3 ሜትር ይተርፋልና ችግሩ ተፈታ ይባል ይሆናል። ወረቀት ላይ አዎን። ነገር ግን የናይለን ገመድ በአገልግሎት፣ በእርጥበትና በመታጠብ ይሰበሰባል፤ ከመቶ 5 ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማጠሩ የተለመደ ነው። 70 ሜትሩ በዚህ ሒሳብ 66 ሜትር ተኩል ይሆናል። በተጨማሪ ከሁሉ ቀድሞ የሚያረጀው የገመድ ክፍል ጫፉ ነው፤ በየጊዜው የሚታሰረውና የውድቀትን ጫና የሚቀበለው እሱ ስለሆነ ልባሱ ይሻክራል፣ ውስጡም ይላላል። ባለቤቱ ጥሩ ጥንቃቄ አድርጎ 2 ሜትር ቆርጦ ይጥለዋል። አሁን የቀረው 64 ሜትር ተኩል ነው፤ ለመስመራችን 2 ሜትር ተኩል ይጎድላል። ከዚህም በላይ ብዙ አምራቾች ገመዱ መሃል ላይ የሚያደርጉት ምልክት ከአንድ ወገን ብቻ ሲቆረጥ መሃልነቱን ያጣል። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» የሚለው ተረት ለበቅሎዋ ምሳሌ ነው፤ ለአለት ወጪው ግን ቃል በቃል እውነት ነው። ገመዱን ቆርጦ ያሳጠረው እሱ ነው፤ በአእምሮው የቀረው ግን መጀመሪያ ማሸጊያው ላይ ያነበበው 70 የሚለው ቁጥር ነው።

ገመዱ ስለሚለጠጥ ጥቂት ሜትር ቢጎድል በመለጠጡ ይካካሳል የሚሉ አሉ። መለጠጡ እውነት ነው። በነጠላ ለሚያገለግል ተለጣጭ ገመድ የወጣው ደረጃ 80 ኪሎ ሲንጠለጠልበት እስከ ከመቶ 10 እንዲረዝም ይፈቅዳል። የሚያሳስተውም ይኸው ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን አባት በጎደለው ገመድ ወርዶ በጭንቅ መሬት ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያም «ይህ ገመድ ለዚህ መስመር ይበቃል» የሚል ትምህርት ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ የምትወጣው 35 ኪሎ የምትመዝነው ልጁ ብትሆን ገመዱ ለእሷ የዚያን ያህል አይለጠጥም። አባት በደረሰበት ገመድ ልጅ ላትደርስ ትችላለች ማለት ነው። በክብደት የሚለዋወጥን ነገር የርዝመት መጠባበቂያ ማድረግ ትናንት ዕድል የሠራውን ነገ እውቀት ይሠራዋል ብሎ ማመን ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም 80 ሜትር አይገዛም? ይህ ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ነው፤ ረጅም ገመድ አጭሩን ሥራ ሁሉ ይሠራል፣ አጭር ግን የረጅሙን አይሠራም። ሐሳቡ ከፊል እውነት አለው፣ ከጠባብ ምርጫ ሰፋ ያለው ይሻላል። ሆኖም ሁለት ነገር ያጎድለዋል። አንደኛው የገመድ ርዝመት ባደገ ቁጥር ገደሉም አብሮ «ማደጉ» ነው። ዛሬ የምናውቀው፣ ከውስጥ ተሸካሚ ክር ከውጭ መከላከያ ልባስ ያለው ገመድ በጀርመኑ ኤደልሪድ ኩባንያ በ1953 ከተሠራ ወዲህ የተለመደው ርዝመት እየጨመረ ሄዷል። 50 ሜትር መለኪያ በነበረበት ዘመን መስመር የሚያወጡ ሰዎች የመውረጃውን ቀለበት 25 ሜትር አካባቢ ይተክሉ ነበር። 60 ሲለመድ ቀለበቱ ወደ 30 ወጣ፣ 70 ሲመጣ ወደ 35፣ 80 ሲመጣ ደግሞ ወደ 40። በግሪኳ የካሊምኖስ ደሴት ዛሬ 70 ሜትር ገመድ የማይበቃቸው መስመሮች ስላሉ ለጎብኚ 80 ይመከራል። ስለዚህ በግዢ የሚደረገው ሩጫ ማብቂያ የለውም፤ የትኛውም ርዝመት የሚያጥርበት ገደል ይኖራል። ሁለተኛው ደግሞ ዋጋው ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ 10 ሜትር 600 ግራም ገደማ ክብደት ይጨምራል፣ ብር ይጠይቃል፣ የሚጠላለፍ ገመድም ያበዛል። 20 ሜትር በማይሞላ ገደል ሥር 80 ሜትር የሚጎትት ሰው ከጥቅሙ ድካሙ ይበልጣል። ከሁሉም በላይ ግን ከላይ ያነሣነው የሜክሲኮ አደጋ በ80 ሜትር ገመድ መድረሱን መርሳት አይገባም።

አደጋው ለምን እንደሚደጋገም ለመረዳት የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ያዡ አንገቱን ወደ ላይ ቀልብሶ የሚያየው ጓደኛውን ነው፤ እንዲያደርግ የተማረውም ይህንኑ ነው። ገመዱ ከኋላው ሣር ላይ ተቆልሎ፣ ክብ በክብ እየተፈታ፣ በእጁ መሃል እያለፈ ወደ ወገቡ መቆጣጠሪያ ይገባል። ክምሩ እያነሰ መምጣቱን ሊያስተውል የሚችለው ዓይን ሌላ ቦታ ነው። ከላይ የሚወርደውም ጀርባውን ለመሬት ሰጥቷል። የመጨረሻው ክብ ይፈታል፣ ጫፉ ከሣሩ ይነሣል፣ በመዳፍ ውስጥ ሾልኮ በመቆጣጠሪያው ያልፋል። በዚያች ቅጽበት በዓለም ላይ ያለ ማናቸውም መሣሪያ አይረዳም። ከ1991 ጀምሮ በፈረንሳዩ ፔትዝል የሚመረተው ግሪግሪ የተባለው መቆጣጠሪያ ገመድ በድንገት ሲሳብ አንቆ ይይዛል፤ የሌለ ገመድ ግን ሊይዝ አይችልም። የአሜሪካ አልፓይን ክለብ ከ1948 ጀምሮ በየዓመቱ በሚያወጣው የአደጋ ዘገባ ውስጥ ይህ ዓይነቱ ውድቀት እየተመላለሰ የሚነበበው ሰዎቹ ግዴለሽ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። አሠራሩ ራሱ ጫፉን ማንም በማያይበት ቦታ ስለሚያስቀምጠው ነው። ጫፉ ላይ በደንብ የተጠበቀ ድርብ ቋጠሮ ካለ ግን ያው ገመድ መቆጣጠሪያው አፍ ላይ ደርሶ ይቆማል። ሰውየው መሬት ሳይደርስ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ይጨቃጨቃሉ፣ መላ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም በሕይወት አሉ።

ቋጠሮውን የሚቃወሙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ከንቱ ነገር አይናገሩም። በረጅም ገደል ላይ በገመድ ሲወረድ ነፋስ ጫፉን ወደ ጎን ወስዶ ቋጠሮው ስንጥቅ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል። ገመዱን ከታች ለመሳብ ሲፈለግም ሳይፈታ የተረሳ ቋጠሮ ቀለበቱ ላይ ተቀርቅሮ ሰዎቹን ያለ ገመድ ያስቀራል። ሁለቱም ይደርሳሉ። ነገር ግን ችግሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የተሰነቀረ ገመድ ሰዓት ያባክናል፣ ሌሊት ያሳድራል፣ አንዳንዴም የነፍስ አድን ቡድን ያስጠራል። ያለቀ ገመድ ሁለተኛ ሙከራ አይሰጥም። የመጀመሪያው መፍትሔ አለው፤ ነፋስ ሲኖር ገመዱን ከመወርወር ይልቅ ጠቅልሎ በጎን ይዞ እየፈቱ መውረድ፣ ከመሳብ በፊትም «ቋጠሮው ተፈቷል?» ተባብሎ መጠያየቅ። በተለየ ሁኔታ ቋጠሮውን የሚተው ባለሙያ ምክንያቱን መናገር መቻል አለበት። ልማዱ መቋጠር ሆኖ አለመቋጠር ማስረጃ ይጠየቅበት፤ ዛሬ በብዙ ቦታ የሚታየው የዚህ ግልባጭ ነው።

«ይህ ለጀማሪ ነው» የሚለው ክርክርም በማስረጃ አይደገፍም። ጎብራይት ጀማሪ አልነበረም። በ1989 በፈረንሳይ ቡው በተባለ ገደል ላይ ከ20 ሜትር በላይ ወድቃ ዛፍ ያተረፋት ሊን ሂል በጊዜው ከዓለም ምርጦች አንዷ ነበረች። የእሷ ስሕተት የርዝመት አልነበረም፤ ወገቧ ላይ ያለውን ቋጠሮ ጀምራ ሳትጨርሰው ነበር የወጣችው። ከአራት ዓመት በኋላ ይህችው ሴት «ዘ ኖዝ»ን በእጅና በእግሯ ኃይል ብቻ ለመውጣት የመጀመሪያዋ ሰው ሆናለች። ችሎታዋ ያን ያህል ነበር፤ ግን ከመርሳት አላዳናትም። ልምድ እጅን ያፈጥናል፣ ፍርሃትን ይቀንሳል፤ የተለመደውን ነገር ደግሞ ሳያስቡ የማድረግን ጠባይ ያመጣል። አንድ ሺህ ጊዜ የወረደ ሰው አንድ ሺህ ጊዜ የመርሳት ዕድል ገጥሞታል። ስለዚህ የቋጠሮው ጥቅም ከችሎታ ጋር አይቀንስም፤ ችሎታ ያለው ሰው ብዙ ጊዜና ከፍ ባለ ቦታ ስለሚወርድ እንዲያውም ይጨምራል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የነፃነት ነው፤ ሰው በራሱ ሕይወት ላይ ያሻውን ይወስን የሚል። ብቻውን ያለ ገመድ የሚወጣ ሰው ይህን ቢል ክርክሩ ሌላ ነው። ገመድ ግን ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነው። በማውረድ ጊዜ ጫፉ ያመለጠው ያዡ ነው፤ የወደቀው ሌላው ነው። አንዱ ባልለካው ገመድ ሌላው ይጎዳል፣ ያልተጎዳውም «ከእጄ አመለጠ» የሚል ሸክም ይዞ ይኖራል። የሌላን ሰው ክብደት በእጁ የተቀበለ ሰው ነፃነቱን ሳይሆን አደራውን ነው መቁጠር ያለበት። በእኛ ዘንድ አደራ ቀላል ቃል አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ወደ አንድ ድክመት ይመራሉ፤ ማስተማሩ ላይ ወዳለው። ዛሬ ብዙ ወጣቶች ስፖርቱን የሚጀምሩት በጂም ግድግዳ ነው። ግድግዳው በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ሜትር ነው፣ ገመዱ ቀድሞ ተሰቅሏል፣ ርዝመቱን የመረጠውም የጂሙ ሠራተኛ ነው። ልጁ ወገቡ ላይ መቋጠርን ይማራል፣ ጓደኛውን መያዝን ይማራል፣ ተፈትኖም ያልፋል። ስለ ሌላኛው ጫፍ ግን አንድም ቀን ማሰብ አላስፈለገውም። ይህ ልጅ ገመድ ገዝቶ ወደ እውነተኛው ገደል ሲሄድ የጎደለው ሜትር ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ ነው የጎደለው። ስለዚህ አሠልጣኞች የሁለቱን ጫፎች ቋጠሮ በአንድ ትምህርት ቢያስተምሩ፣ ጂሞችም ገመዱ ቢተርፍ እንኳ ጫፉ ሳይቋጠር ፈተና ባያሳልፉ ተገቢ ነው። ገመድ ሻጮች «ምን ያህል ገንዘብ አለህ?» ከማለት በፊት «የት ነው የምትወጣው?» ብለው ቢጠይቁ ደንበኛቸውን የተሻለ ይጠቅማሉ። በገርዓልታም ሆነ በሌላ የአገራችን ተራራ ወጣቶች አስጎብኚነትና አለት መውጣትን የሚማሩበት ቀን ሲሰፋ ትምህርቱ ከዚህ ቢጀምር ሌሎች በሕይወት ከፍለው ያወቁትን በነፃ እናገኛለን።

ለገዢ የሚሆን ቁርጥ ያለ ምክር ካስፈለገ ይህ ነው። በጂም ብቻ ለሚለማመድ 40 ሜትር ይበቃል። ከገደል አናት ላይ ገመድ አስሮ ዝቅተኛ አለት የሚወጣ ሰውም ረጅም ገመድ አያስፈልገውም። አንድ ገመድ ብቻ ገዝቶ በየቦታው ስፖርት ክላይምቢንግ ለሚያደርግ 70 ሜትር፣ መሃሉ ላይ ግልጽ ምልክት ያለበት፣ ሚዛናዊ ምርጫ ነው። መድረሻው ረጃጅም መስመር የሚበዛበት ከሆነ 80 ይግዛ። ገመዱን በዓመት አንድ ጊዜ ዘርግቶ በሜትር ይለካው፤ በቆረጠ ቁጥር አዲሱን ርዝመት በገመዱ ቦርሳ ላይ ይጻፍ፣ የመሃሉንም ምልክት አምራቹ በፈቀደው ቀለም ያስተካክል። ገደሉ ሥር ሲደርስ የመስመሩን ከፍታ እጥፍ አድርጎ ቢያንስ 3 ሜትር ይጨምርበት። ከዚያ ሁሉ በኋላ ጫፉን ይቋጥር፤ ሒሳቡ ትክክል መሆኑን እርግጠኛ ቢሆንም። ይህ ቋጠሮ ብር አያስወጣም፣ ግማሽ ደቂቃ አይወስድም፣ ክብደትም አይጨምርም። ወላጅም ልጁን ወደ ገደል ሲሸኝ ገመዱ ስንት ሜትር እንደሆነ ከጠየቀ በኋላ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ሌላኛውን ጫፍ ማን ነው የሚቋጥረው?